ክዳን የሌለው ብዕር

ሻጯ ብዕሩን በሁለት ጣቶቿ አንሥታ ጥቁሩ ከፈይ ላይ አኖረችልኝና በእንግሊዝኛ፣ «ምዜ፣ ይሄኛው ክዳን የለውም፤ ክዳን እንዳትፈልግለት» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። ናይሮቢ ውስጥ ሽማግሌን «ምዜ» ብሎ መጥራት አክብሮት ነው፤ ልጅቷም ጨዋ ናት፤ ሸሚዟ የተተኮሰ፣ ጥፍሯ ንጹሕ። ዌስትላንድስ ከሚገኙት ሞሎች በአንዱ፣ ብዕርና የእጅ ሰዓት ብቻ በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነበርን። ይዛኝ የሄደችው ልጄ ሐና ናት። የድሮው ብዕሬ መጫኛው ላልቶ አንዳንዴ እየወጣ አንዳንዴ እየቀረ ስላስቸገረኝ፣ «አባ፣ ዘንድሮ ለልደትህ እኔ ነኝ የምገዛልህ» ብላ ነው። እኔ የልደት ቀን የለኝም። የተወለድኩበትን ቀን የሚያውቁት ሰዎች ሞተዋል፤ አሁን ያለኝን ቀን የሰጠኝ የኢሚግሬሽን ጸሐፊ ነው። ግን ልጅ ስትሰጥ እንቢ አይባልም ብዬ ሄድኩ። ሻጯ ያንን ቃል ስትናገር ጆሮዬ ጋለ። እሷ ሳትወለድ፣ ምናልባት እናቷም ገና ልጅ ሳለች፣ በዚችው ከተማ ስለ ብዕር ክዳን አንድ ቃል ተነግሮኛል። ያ ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ከኔ ጋር ሲያረጅ ኖሯል፤ እኔ ደከምኩ እንጂ እሱ አልደከመም።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ ስለማይገባው አስቀድሜ ስለ ብዕሩ ልናገር። የምለው የቀለም ብዕር ነው፤ እስክሪብቶ አይደለም። እስክሪብቶ ካልተጫኑት አይጽፍም፤ ሲጫኑት ደግሞ ጣት ያደክማል። የቀለም ብዕር የብረት ምላስ አለው፤ ቀለሙ በምላሱ ስንጥቅ ይወርዳል፤ ወረቀቱን ነካ ካደረጉት ይበቃዋል። ክፉ ጠባዩ ምላሱ አየር ሲያገኘው መድረቁ ነው። ስለዚህ ክዳን ያስፈልገዋል፤ ክዳን ያለው ብዕር ደግሞ ሁለት እጅ ይጠይቃል። እኔ ሪቨር ሮድ ላይ የመኪና መለዋወጫ የምሸጥ ሰው ነኝ። ግራ እጄ ሁልጊዜ አንድ ነገር እንደያዘ ነው፤ ወይ ኩሽኔታ፣ ወይ ስልክ። ክዳን ፈትቼ፣ ጀርባው ላይ ሰክቼ፣ ጽፌ፣ መልሼ እስክከድን ደንበኛው ጎረቤቴ ሱቅ ገብቶ ገዝቶ ይወጣል። ጫን ሲሉት ምላሱ ብቅ፣ ደግመው ሲጫኑት ጥልቅ የሚለው ብዕር እንደኔ ላለ ሰው የተሠራ ነው። ምላሱ ወደ ውስጥ ሲገባ አፉ ላይ ትንሽ በር ትዘጋለች፤ እንደ ዓይን ቆብ ናት። የብዕሩ ሙያ ሁሉ እሷ ላይ ነው። ስትመርጡ በመጀመሪያ እሷን እዩ፤ በደንብ ካልገጠመች ዓርብ የተዋችሁት ብዕር ሰኞ ደርቆ ይጠብቃችኋል።

ሁለተኛ ምላሱን እዩ፤ ቀጭኑን ምረጡ። የደረሰኝ ወረቀት ቀለም እንደ ስፖንጅ ስለሚጠጣ ወፍራም ምላስ «3»ን «8» ያደርግባችኋል። ሦስተኛ መንጠቆው ነው። በዚህ ዓይነት ብዕር ላይ የኪስ መንጠቆው ያለው በምላሱ በኩል ነው፤ ኪስ ውስጥ ምላሱ ሽቅብ እንዲሆንና ቀለም እንዳያፈስ። ስትጽፉ መንጠቆው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይገባል። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይህን ጠልቶ ብዕሩን ይተወዋል። እኔ ግን ይህን መንጠቆ እወደዋለሁ። ብዕሩን አጣሞ የሚይዘውን ሰው ይቆረቁረዋል፤ ቀጥ አድርጎ የያዘው አይሰማውም። በልጅነታችን እንዲህ ያለ መንጠቆ አእምሯችን ውስጥ ቢተከልልን ኖሮ ስንቱ ሰው ቀና በሆነ። በተረፈ የሚይዘው ቀለም ትንሽ ነው፤ ብዙ የሚጽፍ ሰው ቶሎ ቶሎ ይሞላዋል። ቀለሙ አልወርድ ሲል ለብ ባለ ውኃ ማጠብ ነው፤ በሳሙና አይሆንም። ሻጯ ይህን ሁሉ ስነግራት አፏን ከፍታ ሰማችኝ፤ ከዚያ ሌላ ብዕር ከመስታወቱ ሥር አወጣችና፣ «ይሄ ደግሞ አዲሱ ነው፤ አይጫኑትም፤ ጅራቱን ትንሽ ያዞሩታል» አለች። «እሱን መልሺው» አልኳት። ድምፄ ሳላስበው ሻከረ። ሐና ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «አባ፣ ዋት ሃፕንድ?» አለችኝ። «ምንም» አልኩ።

ምንም አልነበረም እንዴ? ያን ጊዜ እኔና ባለቤቴ አስካለ ንጋራ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ዘመኑን ስሙን ጠርቼ አልነካካውም፤ አገር ቤት ነገሩ ተበላሽቶ ሰው ሁሉ በየድንበሩ የተበተነበት ነበር። ናይሮቢ ግን ለኛ ደግ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ብርድ ነው፤ ማንዳዚ የሚሉት የተጠበሰ ሊጥ ትኩስ ትኩሱን በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከወተት ሻይ ጋር በሁለት ሽልንግ ሆድ ይሞላል። ማታቱ የሚሏቸው ሚኒባሶች በየአቅጣጫው በር ላይ በተንጠለጠሉ ወያሎች ጩኸት ይነጉዳሉ። የወንዶቹ ሱሪ ከታች የሰፋ፣ ኮሌታው የውሻ ጆሮ የሚያህል ነበር። የሪቨር ሮድ የዘፈን ሸክላ ሻጮች ድምፅ ማጉያቸውን መንገድ ላይ አውጥተው የኮንጎን ጊታር ከጠዋት እስከ ማታ ያፈሱታል፤ እኛ ደግሞ ከአገር ቤት በሰው በሰው የመጣ ካሴት ከመቀዳዳቱ ብዛት ዘፋኙ እንስራ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን እስኪመስል ድረስ እንሰማለን። ጃካራንዳው ሲያብብ መንገዱ ሁሉ ሐምራዊ ምንጣፍ ይለብሳል። ዛሬ በዚያ መንገድ በመኪና ስሄድ ግራና ቀኝ መስታወት ብቻ ነው የማየው፤ ከመስታወቱ ውስጥ የሚያየኝም ራሴው ሽማግሌው ነኝ። ነጭ ሸሚዝ ያለኝ አንድ ብቻ ነበር። ቢያሻራ ጎዳና አንድ ሕንዳዊ ልብስ ሰፊ ነው የሰፋልኝ። ቅዳሜ አስካለ ታጥበዋለች፣ እሁድ ጠዋት በከሰል ካውያ ትተኩሰዋለች፣ ለብሼው ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ጋራዥ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ከመለዋወጫ ዕቃ ካርቶን ላይ የላቲኑን፣ ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ የአማርኛውን እየኮረጅኩ ለራሴ አስተማርኩ። መኮረጅ ብዙ ጊዜ ነውር ነው፤ ለብቻ የሚማር ሰው ግን ሌላ መንገድ የለውም። እጄ ማማሩን የሰው ምስክርነት ነው የነገረኝ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ማስታወቂያ የሚጻፈው በኔ እጅ ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ የአገራችን ሰው ሞቶ የሚቀብረው አጥቶ አስከሬኑ ሆስፒታል ሰነበተ። ሁላችንም አፈርን። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እድር ለማቋቋም አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ለምነን ተሰበሰብን። ሊቀ መንበር ተመረጠ፣ ገንዘብ ያዥ ተመረጠ፣ ጸሐፊ ሲቀር አንድ ሰው ከኋላ፣ «ተፈራ ይሁን፤ እጁ ያምራል» ብሎ ስሜን ጠራ። ተፈራ እኔ ነኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሕፈት ስሜ ተጠራ። አስካለ ከሴቶቹ ወገን ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ስታደርግ አየኋት፤ ደስ ሲላት እንደዚያ ነው የምታደርገው።

ያን ጊዜ ጌታሁን ተነሣ። ጌታሁን ከኛ መካከል ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ አንድ የውጭ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር። ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከደረት ኪሱ አንድ የሚያብረቀርቅ መንጠቆ ብቅ ብሏል።

«ይቅርታ ይደረግልኝና» አለ፤ «ጸሐፊ ማለት ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ነው። ወንድማችን የት ነው የተማሩት?»

«ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት» አልኩ።

«አስተማሪውንስ ማን አስተማረው?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ከነሱ ጋር ፈገግ አልኩ፤ ቀልድ መስሎኝ። ወደ ፊት ወጣና ከኪሱ ያንን ብዕር መዝዞ ሰጠኝ። «እስቲ በዚህ ይጻፉልንና እንየው» አለ። እንደዚያ ያለ ብዕር አይቼ አላውቅም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሙጥ ነው፤ የክዳን መጋጠሚያ መስመር እንኳ የለውም። ክዳኑን ልነቅል ሳብኩት፤ እንቢ አለ። እንደ እስክሪብቶ ጀርባውን ተጫንኩት፤ አይንቀሳቀስም። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው።  ወገቡን ይዤ ጠመዘዝኩት። ያን ጊዜ ለሁለት ተከፈተ፤ የቀለሙ ከረጢት ወደቀ፤ ሰማያዊው ቀለም ከደረቴ እስከ ሆዴ በነጩ ሸሚዜ ላይ ወረደ።

ጌታሁን ከሁሉም ቀድሞ፣ «ክዳኑን እየፈለጉ ነው? ክዳኑማ አናትዎ ላይ ነው!» አለ።

ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወንበር ሲንኳኳ፣ ሴቶች ሲንከተከቱ፣ አንድ ሽማግሌ ሲያስለው። ጸሐፊ ሌላ ሰው ሆነ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተፈራ መባሌ ቀረና «ክዳኑ» ተባልኩ። «ክዳኑ ደህና አደርክ?» «ክዳኑ፣ ዛሬ አናትህ ተከፈተ?» ይሉኛል፤ በፍቅር ነው ይላሉ። አስካለ ገበያ ስትሄድ «የክዳኑ ሚስት» ነበረች። ሐና ክርስትና ስትነሣ ድንኳኑ ውስጥ አንዱ፣ «የክዳኑ ልጅ ደግሞ እንዴት ቆንጆ ናት» ሲል ሰምቻለሁ። ሸሚዙን አስካለ በሎሚ አሸችው፣ በጨው አሸችው። ቀለሙ ሳሳ እንጂ አልለቀቀም። ጌታሁን ግን ወዲያው ወደ ውጭ አገር ተዛወረና ከናይሮቢ ሄደ። ስድቡን እዚህ ትቶልኝ ነው የሄደው።

ቂም ክፉ ነው ይባላል። እኔ ግን የምመሰክረው በደረሰብኝ ነው፤ ቂም አስተምሮኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ መሃል ከተማ ወዳለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር እየሄድኩ በመስኮቱ ያን መሳይ ብዕር ስመለከት እቆም ነበር። አንድ ቀን ገብቼ እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። ጅራቱን በስሱ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ምላሱ ብቅ አለ። ያን ያህል ቀላል ነበር። ከበሩ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ፤ ለካስ በሰው ሁሉ ፊት ያዋረደኝ ነገር የጣት ግማሽ ዙር ነው። የሚዞረውን ዓይነት ዕድሜዬን ሙሉ አልገዛሁም። ገንዘብ ሳገኝ የሚጫነውን ገዛሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለሱ የጻፍኩት መስመር የለም። እጄን በየቀኑ አሠልጥኜ፣ ከጊዜ በኋላ የእድሩ ጸሐፊ ሆኜ፣ ስንቱን ሞት በዚያ ብዕር ጻፍኩ። «ክዳኑ» ያሉኝ ሰዎች የመርዶ ማስታወቂያቸው የወጣው በኔ ጽሑፍ ነው። አሳምሬ ጻፍኩላቸው። ብዕሩን በተጫንኩ ቁጥር ግን ጌታሁንን አስባለሁ። ቀጭ ሲል፣ «አየህ?» እለዋለሁ በልቤ። ሰው ጸሎት ደግሞ ደግሞ እንደሚያደርስ እኔ ይቺን ቃል አደርስ ነበር።

አሁን ወደ ሞሉ ልመለስ። ሐና የሚጫነውን፣ ጥቁር አካል ያለውን ብዕር ገዛችልኝና ታች ካለው ካፌ ተቀመጥን። እሷ አንድ የውጭ ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የተወለደችው እዚሁ ስለሆነ አፏ ሦስት ቋንቋ ያማስላል።

«አባ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ግን ፕሊስ አትቆጣ» አለችኝ።

«ካልነገርሽኝ በምን እቆጣለሁ?»

«ዮናስ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ነክስት ሳንደይ።»

ዮናስን አውቀዋለሁ። አየር መንገድ ውስጥ የሚሠራ፣ ሰው ሲመጣ ብድግ የሚል ልጅ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሱቄ መጥቷል። ዮናስ ወልዴ ነው የሚባለው። «ወልዴ የሚባል ሰው ናይሮቢ ውስጥ አላውቅም፤ አባቱ የት ነው ያሉት?» አልኳት።

«ኖ ኖ፣ ወልዴ እኮ አያቱ ናቸው። ፎርም ላይ ሰርኔም ሲሉ እሱን ነው የሞሉለት። አባቱ አቶ ጌታሁን ናቸው። ከውጭ ሪታየር አድርገው አምና ተመለሱ፤ ላቪንግተን ነው ቤታቸው። አንተን ያውቁህ ይሆናል፤ ድሮ እዚህ ነበሩ።»

የአባት ስም ማለት እንዲህ ነው። አገር ቤት ቢሆን ልጁ ስሙን ሲነግረኝ ገና በሁለተኛው ቃል ባወቅሁት ነበር። እዚህ አገር ግን ቅጹ አያቱን ከመቃብር አስነሥቶ አባቱን ደበቀብኝ። አዲሱን ብዕር ከሣጥኑ አውጥቼ ስጫነው ነበር፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። «አባ፣ ታበላሸዋለህ» አለችኝ። ልቤ ውስጥ ምን እንደነበረ እውነቱን ልናገር። ደስታ ነበር። የልጄ ደስታ አይደለም፤ የራሴ ነው። ያ ሰው ሊለምነኝ ነው ብዬ ነው ደስ ያለኝ።

ማታ ሁርሊንግሃም ቤታችን ስገባ አስካለ ጎመን እየከተፈች ነበር።

«አስካለ፣ ጌታሁን መጣልሽ።»

«የቱ ጌታሁን?»

«የሸሚዙ።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አለ እንዴ?» አለች።

«አለ። ዐማች ሊያደርገን ነው።»

ቢላዋዋን መልሳ አነሣችና፣ «ልጁ ግን ጥሩ ልጅ ነው» ብላ ወደ ጎመኑ ተመለሰች።

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው ጋሽ ለማ ናቸው፤ እዚሁ ሰፈራችን ምግብ ቤት ያላቸው፣ ናይሮቢ ውስጥ ያላስታረቁት ሰው የሌለ አዛውንት። እንደ ወጉ አልተቀመጡም። ሽማግሌ ቁም ነገሩን ተናግሮ የልጅቷ አባት «ተቀመጡ» እስኪለው ይቆማል። እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ። ሐና መኝታ ቤት ሆና በሩን ገርበብ አድርጋለች። ጋሽ ለማ ስለ ልጁ ጨዋነት፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ተናገሩ። ጨርሰው ሲያዩኝ፣ «ደግ ተናገራችሁ። የልጁ አባት ራሱ ይምጣ» አልኩ።

«ልጄ ተፈራ» አሉ ጋሽ ለማ፤ «አባት እኮ በልጁ ሽምግልና አይመጣም። ወግ አይደለም።»

«ወግ አለመሆኑን አውቃለሁ ጋሼ። ካልመጣ ግን መልስ የለኝም።»

ቆመው እንደመጡ ቆመው ሄዱ። በሩ እንደተዘጋ ሐና ወጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «አባ፣ ማሚ ነገረችኝ። ለአንድ ፔን ብለህ ነው?»

«ለብዕር አይደለም። ለስም ነው።»

«የኔስ? የኔ ላይፍስ? እኔ ያላንተ ምርቃት አላገባም፤ ታውቃለህ። ስለምታውቅ ነው እንደዚህ የምታደርገው። ዳድ፣ እኔን ይዘህ እሱን አትምታው።»

 ያለችው እውነት ነበር፤ እውነት ደግሞ አይመለስለትም። ነገር ግን ቃሌን አላነሣሁም። በሳምንቱ ውስጥ አጠገቤ ስታልፍ «ደህና አደርክ» ብቻ ነበር የምትለኝ፤ «አባ» የሚለውን ቃል ነፈገችኝ።

በሚቀጥለው እሁድ መጡ፤ ጌታሁን ከመካከላቸው ነበር። ልንገራችሁ፣ ላውቀው አልቻልኩም። ያ ደረቱን የነፋ ሰው ሟሙቶ ሙሉ ልብሱ ሰፍቶታል፤ ከዘራ ይዟል። ለዚያች ደቂቃ ዕድሜዬን ሙሉ ተዘጋጅቻለሁ። አዲሱን ብዕር ይዤ ተቀምጫለሁ።

«ታውቀኛለህ?» አልኩት። «አንተ» ነው ያልኩት፤ ሆን ብዬ።

ፊቴን አየ፤ ቀጥሎ እጄን አየ። ዓይኑ ብዕሩ ላይ ቆመ። «አውቅዎታለሁ» አለ። «በሩ ላይ አላወቅሁዎትም። አሁን አወቅሁዎት።»

«እንግዲያው ያደረግኸውን ለነዚህ ሰዎች ንገራቸው።»

ጋሽ ለማ ጣልቃ ሊገቡ ሲሉ ጌታሁን በእጁ አቆማቸው። ከዘራውን ተደግፎ ከመጀመሪያው ነገራቸው። ምንም አልሸሸገም፤ «አስተማሪውን ማን አስተማረው» ያለውን፣ የቀለሙን፣ የክዳኑን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሲሸፍን ሰማሁት። ጌታሁን ግን አልጨረሰም ነበር።

«አንድ ነገር ይቀራል» አለ። «ብዕሩን የሰጠኝ የመሥሪያ ቤቴ አለቃ ነበር፤ ፈረንጅ ነው። ከተሰጠኝ ሳምንቱ ነው። ሳብኩት፣ ተጫንኩት፣ አልከፈት አለኝ። አለቃዬን እንዳልጠይቅ አፈርኩ። ዝም ብዬ ኪሴ ውስጥ ሰክቼው እዞር ነበር። ያን ዕለት ጸሐፊ ሲባል ሰው ሁሉ ኪሴን ሲያይ ፈራሁ፤ ‹በል ጻፍ› እንዳልባል። እርስዎ የጋራዥ ሰው እንደሆኑ ሰምቻለሁ። እጅዎ ብልሃት አያጣም፤ ሲከፍቱት አይቼ እማራለሁ ብዬ ነው የሰጠሁዎት። ሲፈርስ ደነገጥኩ። ሰው ወደኔ ዞሮ ‹አንተስ እስቲ ክፈተው› ሳይለኝ ቀድሜ ተናገርኩ።»

 የውጪው መንገድ ላይ የማታቱ ጡሩምባ ብቻ ይሰማል።

ይህን ስሰማ ልቤ የበረደ መስሏችሁ ይሆናል፤ ሽማግሌዎቹም እንደዚያ መስሏቸው ፊታቸው ፈካ። እኔ ግን የተናደድኩት ገና ያን ጊዜ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያዋረደኝ የሚያውቅ ሰው ነው ብዬ ነበር የማምነው። አዋቂ አላዋቂን ናቀ፤ ክፉ ነው፤ ግን የዓለም ወግ ነው፤ ተምሬ አሳየዋለሁ ብዬ ኖርኩ። ለካስ እሱም አያውቅም ነበር! ክዳኑን ሲፈልግ ሳምንት የከረመው እሱ ነው። «ክዳኑ» የሱ ስም ነበር፤ እኔ ተሸከምኩለት፤ ሚስቴ ተሸከመችለት፤ ልጄን ክርስትና ያስነሣኋት በሱ ስም እየተጠራሁ ነው። አለማወቅ ነውር አይደለም፤ እኔ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። የራስን አለማወቅ በሌላው ሰው ራስ ላይ ደፍቶ መሄድ ግን ስርቆት ነው።

ተነሣሁ። «ጋሽ ለማ፣ ልጄን ለዮናስ ሰጥቻለሁ። ዮናስ ምንም አላደረገኝም፤ የአባቱንም ጠባይ አላየሁበትም። እግዚአብሔር ይባርካቸው። እናንተ ተቀመጡ።» ወደ ጌታሁን ዞርኩ። «አንተ ግን ቁም።»

መኝታ ቤት ውስጥ ሐና ስታለቅስ ሰማሁ፤ የደስታ ይሁን የንዴት አልለየሁትም። አስካለ ከጓዳ እልል አለች። ሽማግሌዎቹ በሐፍረት ተቀመጡ። ጌታሁን እንደቆመ ቀረ፤ አልተከራከረም።

ጋሽ ለማ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «እንግዲህ ዘመድ ሆናችኋል፤ በቆማችሁበት ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ» አሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የመጡት ለምን ነው?»

«ለሐና ነዋ።»

«ስለ ሐና መልስ ሰጥቻለሁ። እኔን የበደለኝ ሰው ይቅርታ ከፈለገ ለእሱ ሌላ ሽማግሌ ይላክ። በአንድ ሽምግልና ሁለት ጉዳይ አይታይም።»

 በወጋቸው ነው የያዝኳቸው፤ ሊያመልጡ አልቻሉም። ምግብ ቀረበ። እኛ ተቀምጠን፣ እሱ ከዘራውን ይዞ ቆሞ። አንድ ጉርሻ ጎረስኩ፤ እውነቱን ልናገር፣ ጣፈጠኝ። ሁለተኛውን ሳነሣ አስካለ ከመመገቢያው ጠረጴዛ አንድ ወንበር ተሸክማ መጣች። ጌታሁን ኋላ አስቀመጠችው።

«አስካለ» አልኩ።

«እኔም እኮ የክዳኑ ሚስት ተብያለሁ» አለችኝ። «ሸሚዙንም ያጠብኩት እኔ ነኝ። ቂሙ የሁለታችንም ነው። በኔ ድርሻ ይቀመጥ።»

ተቀመጠ። ሳህን ሰጠችው። ያን ያህል ዘመን አብሬያት ስኖር ቂሙ ላይ ድርሻ እንዳላት አስቤ አላውቅም ነበር። እንድከለክላት የሚያስችል ሕግ ፈልጌ አጣሁ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሐና እንደገና «አባ» ትለኛለች፤ የጥሪ ካርዱን ስም ሁሉ በእጄ እንድጽፍላት ጠይቃኝ በአዲሱ ብዕር እየጻፍኩ ነው፤ ምላሱ ቀጭን ነው፣ በሩም በደንብ ይገጥማል። የጌታሁንን ስም እንደሌላው አሳምሬ ጽፌዋለሁ፤ ጽሕፈት ላይ አልበቀልም። ባለፈው ዓርብ ደግሞ ጋሽ ለማ ሱቄ ድረስ መጥተው፣ «ሌላ ሽማግሌ ይላክ ብለሃል፤ ጌታሁን ልኳል። እኔው ነኝ። ፊታችን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እሱን ይዘን እንመጣለን» ብለውኛል። «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብያለሁ፤ ቤት የመጣ ሽማግሌ አይመለስም። የሳሎኑንና የመመገቢያውን ወንበሮች ግን አንድ ሳላስቀር ወደ ኋላ ክፍል አስገብቼ ቆልፌባቸዋለሁ። አስካለ ስቆልፍ አይታኛለች። ዛሬ ከሱቅ ስመለስ አሥር ሰው የሚያስቀምጠውን ትልቁን ምንጣፍ አጥባ ግቢው አጥር ላይ አስጥታው አገኘሁ።